ሂርማታ አካባቢ ያለው የማታ እንግሊዝኛ ክፍል እንዴት ነው?

እንግሊዝኛችሁን ማሻሻል የምትፈልጉ የጅማ ልጆች፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ያለውን የማታ ክፍል ሞክሩት። መምህሩ በሽምደዳ አያስተምርም፣ ቃሉን ከነሥሩ ነው የሚያስረዳው። "ባንክ"ን እንዴት እንዳስተማረን ልንገራችሁ። ገንዘብ የምናስቀምጥበት ባንክ ከጣሊያንኛው "ባንካ" በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ባንካ አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ሲሆን፣ የድሮ ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን ደርድረው የሚሠሩት እሱ ላይ ነበር። ለከሰረ ሰው የሚባለው "ባንክራፕት"ም የመጣው "የተሰበረ ባንካ" ከሚለው ነው። የወንዝ ዳርም በእንግሊዝኛ ባንክ ነው፣ ለምሳሌ የአዌቱ ዳር። ይሄኛው ግን የገባው ከስካንዲኔቪያ ቋንቋ ነው። ሩቅ ሥራቸው አንድ ጥንታዊ ጀርማኒክ (የእነ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የቋንቋ ቤተሰብ) ቃል ነው፣ የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል። ደስ ሲል! እንዲህ ሲያስረዷችሁ ቃሉ አይረሳም።

ጉድለቱ ክፍሉ ጠባብ መሆኑ ነው። ከኋላ ከተቀመጣችሁ ሰሌዳው በደንብ አይታይም፣ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ ይቋረጣል፣ ይሄን ቢያስተካክሉት በጣም ጥሩ ነበር። ክፍያው ግን ኪስ አይጎዳም። ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ፊት ለፊት ቦታ ያዙ።