ጌም የማያጫውት የጌም ዕቃ፦ የካሴት አንባቢዬ ከወራት በኋላ

ይህ ዕቃ ጌም አያጫውትም። ቀድሜ የምናገረው፣ ቤት የመጣ ሁሉ አይቶት «ቲቪ ላይ ይሰካል እንዴ?» ስለሚለኝ ነው። አይሰካም። ጂቢኤክስካርት አርደብሊው የሚባል የካሴት አንባቢ ነው። ጌም ቦይ የሚባለው በእጅ የሚያዝ የድሮ የጌም ማጫወቻ ካሴት ይሰካበትና በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ካሴቱ ውስጥ ያለውን ሴቭ፣ ማለትም ጌሙን የት እንዳደረሳችሁት የሚይዘውን መረጃ፣ አውጥቶ ፋይል ያደርገዋል። ፋይሉን መልሶ ካሴቱ ላይ ይጽፋል። ስክሪን የለውም፤ ያለ ኮምፒውተርም ምንም አይሠራም።

ያስመጣሁት ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። እስከ ጅማ የሚልክልኝ ስላላገኘሁ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶና ከሕፃን ልብስ ጋር ተጠቅልሎ መጣ። ዘመዴ «ለዚች ነው እንዴ ይህን ያህል የለመንከኝ?» አለኝ። እውነትም ስታዩት ብዙ አይሞላም።

ለምን እንደፈለግኩት ለመረዳት ካሴቱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጌም ቦይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዚያ ዘመን ሴቭ የሚያደርጉ ካሴቶች አብዛኞቹ ሴቩን የሚይዙት ኤስራም በሚባል ቺፕ ላይ ነው። ይህ ቺፕ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ጌም ቦዩ ሲበራ ከእሱ ይወስዳል። ሲጠፋ ደግሞ ካሴቱ ውስጥ የተበየደች ባለ 3 ቮልት የሰዓት ባትሪ ትረከባለች። እሷ ስትሞት ሴቩም አብሮ ይሄዳል። አብዛኞቹ የድሮ ጌሞች ደግሞ ባትሪው ሊያልቅ ነው ብለው አያስጠነቅቁም። አንድ ቀን ትከፍቱታላችሁ፣ ካቆማችሁበት መቀጠል የሚል ምርጫ የለም፣ እንደ አዲስ ጀምሩ ይላችኋል።

እኛ ቤት ያሉት ካሴቶች በልጅነታችን ከጅዳና ከአሜሪካ በየዘመዱ እጅ የመጡ ናቸው። ከሁሉም የሚያሰጋኝ የእህቴ ፖኬሞን ጎልድ ነበር። ይህ ጌም ጃፓን ውስጥ በ1999፣ አሜሪካ ውስጥ በ2000 ነው የወጣው። ውስጡ ቀንና ሌሊት የሚቆጥር ሰዓት አለው። ሰዓቱ ጌም ቦዩ ጠፍቶም ስለሚሠራ ባትሪውን ከሌሎቹ ይበልጥ ይበላል። እስካሁን መቆየቱ ራሱ ይገርማል።

ስለዚህ ሰዓት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እህቴ ጌሙን ስትጀምር ሰዓቱን የሞላችው በሐበሻ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 2 ብላ ሞላች። ጌሙ ግን ያንን ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ብሎ ነው የሚረዳው። ጌሙ ውስጥ ሁትሁት የሚባል ጉጉት መሳይ ፍጡር በሌሊት ብቻ ይወጣል። እህቴ ቁርስ እየበላች ነበር የምትይዘው። ለዓመታት ጉጉት የጠዋት ወፍ ይመስላት ነበር።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አብሮት የምጠቀመው ሶፍትዌር ፍላሽጂቢኤክስ ይባላል። ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ይሠራል። ካሴቱ የጌም ቦይ ይሁን ከእሱ በኋላ የመጣው የጌም ቦይ አድቫንስ መጀመሪያ መምረጥ ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የድሮዎቹ በ5 ቮልት፣ የአድቫንስ ካሴቶች በ3.3 ቮልት ነው የሚሠሩት። ከዚያ የጌሙ ስም ይመጣል። ሴቩን አውጣ ስትሉት በጥቂት ሰኮንድ ጨርሶ ፋይል ይሰጣችኋል። የፖኬሞን ጎልድ ሴቭ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ ከምትልኩት ፎቶ ያንሳል። እኔም አንዱን ቅጂ እዚያው ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬ አስቀምጫለሁ፤ ሌላው ፍላሽ ላይ አለ።

የመጀመሪያው ቀን ግን ኮምፒውተሩ ዕቃውን ጨርሶ አላየውም። ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ከሱቅ የገዛሁት ገመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ዓይነቱ ገመድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን ከኮምፒውተር አገናኝቶ ፎቶ የሚያሳይ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩት።

ሁለተኛው ችግር የጅማ አየር ነው። እዚህ ዝናቡ ብዙ ነው፣ እርጥበቱ ቤት ውስጥ ይገባል። መሳቢያ ውስጥ የቆየ ካሴት የመዳብ ጥርሶቹ ይጠቁራሉ። እንደዚያ ሲሆን የጌሙ ስም የተዘበራረቀ ፊደል ሆኖ ይመጣል፣ ወይም ካሴት የለም ይላል። በልጅነታችን እፍ እንል ነበር። እባካችሁ ተዉት፤ እፍ ማለት ምራቅና እርጥበት ነው የሚጨምረው። የጆሮ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ጥርሶቹን ጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በተቻለ መጠን ውሃ ያልበዛበትን አልኮል ፈልጉ። ፋርማሲ ውስጥ በብዛት ያለው 70 በመቶው ከሆነ ደግሞ በደንብ እስኪደርቅ ታገሡ። ከጽዳት በኋላ አላነብም ያለኝ ካሴት የለም።

ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ በጣም የማምንበት ነገር ይህ ነው፦ ፋይል ወጣ ማለት ሴቩ ዳነ ማለት አይደለም። የቆሸሸ ካሴት ስህተት ያለበት ፋይል ሊሰጥ ይችላል፤ ሶፍትዌሩ የጌሙን ስም በትክክል አንብቦ ሴቩ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ካሴት ነቅዬ መልሼ እሰካና እንደገና አነባለሁ። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን አይቼ፣ ኤምጂቢኤ በሚባለው ኢሙሌተር፣ ማለትም ጌም ቦይን በሚተካ ሶፍትዌር፣ ኮምፒውተሩ ላይ እከፍተዋለሁ። ሴቩ ተከፍቶ የእህቴ ስም ሲወጣ ብቻ ነው ካሴቱን ባትሪ ለማስቀየር የማስፈታው።

ዕቃው የሞተውን አያስነሳም። ዘልዳ የሚባለው ሌላው ጌም ካሴታችን ባትሪ ቀድሞ አልቆ ነበር፤ ያነበብኩት ፋይል ባዶ ነበር። ለዚያ ካሴት ጊዜው አልፏል። የእናንተ ካሴት ገና የሚሠራ ከሆነ አትዘግዩ።

ባትሪ መቀየሩን ራሴ አልነካካሁትም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ለሚሠራ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩለት። የድሮውን የጌም ቦይ ካሴት የሚፈታ ልዩ ካቻቢቴ አለ፣ መጠኑ 3.8 ሚሊሜትር ነው፤ የአድቫንስ ካሴቶች ደግሞ ባለ ሦስት ክንፍ ነው የሚፈልጉት። ሁለቱንም ይዤለት ሄድኩ። ልጁ ከፍቶ አየና «ወንድሜ፣ ይቺማ የማዘርቦርድ ባትሪ ናት፣ እኔ ጋ ሞልታለች» አለኝ። ያወጣልኝ ሲአር2032 ነበር። ቮልቱ አንድ ነው፣ ስፋቱም አንድ ነው። ውፍረቷ ግን 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ የጎልድ ካሴት የያዘው ሲአር2025 ደግሞ 2.5 ሚሊሜትር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ክዳኑን ግን ያሳብጠዋል። አንዳንድ ካሴቶች ደግሞ ከዚያ የምታንሰውን ሲአር1616 ነው የሚይዙት። እሱን ጅማ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሄርማታ መርካቶ ያሉትን ሰዓት ሠሪዎች ጠይቄ የነበራቸው እግር የሌለው ነው።

እግር ስል ባትሪው ላይ ቀድመው የተጣበቁትን ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ነው። እነሱ ካሉ ጠጋኙ የሚበይደው ብረቱን ነው። ከሌሉ ባትሪውን ራሱን ማጋል ሊኖርበት ነው፣ ባትሪ ደግሞ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። በፕላስተር የሚያጣብቁም አሉ። ለጊዜው ይሠራል፣ ካሴቱ ትንሽ ሲወድቅ ግን ይላቀቃል፣ ሴቩም ይሄዳል። ጠጋኙ እግር ባለው ባትሪ ሥራውን ቡና ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ።

ሴቩን መልሶ መጻፉ ቀላል ነው፣ ግን መብራት አስቡ። ሲያነብ መብራት ቢጠፋ ምንም አይደል፣ ደግማችሁ ታነባላችሁ። ሲጽፍ ቢጠፋ ካሴቱ ላይ ግማሽ ሴቭ ይቀራል። ፋይሉ እጃችሁ ላይ ስላለ ይመለሳል፤ ቢሆንም ዴስክቶፕ ላይ አልሠራውም። ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጌ ነው የምጀምረው። ደስ ያለኝ ነገር ሶፍትዌሩ የጌሙን ሰዓትም አብሮ አውጥቶ መመለስ መቻሉ ነው። የእህቴ የሐበሻ ሰዓት እንዳለ ቀጠለ። ስደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሰዓቱን አስተካክለኸዋል እንዴ?» ነበር፤ በቁጣ።

የአድቫንስ ካሴቶች ነገር ይለያል። ብዙዎቹ ሴቩን የሚይዙት ባትሪ በማይፈልግ ቺፕ ላይ ነው። ለምሳሌ ፖኬሞን ሩቢ ባትሪው አለቀ ብሎ ቢጽፍባችሁ አትደንግጡ። ባትሪው ለሰዓቱ ብቻ ነው፣ ሴቩ አይነካም። ችግሩ ፎርጅዱ ነው። እዚህ አገር ከገቡት የአድቫንስ ካሴቶች መካከል ፎርጅድ አይጠፋም። ኦሪጅናሉ ባትሪ የማያስፈልገው ጌም ፎርጅዱ ላይ በባትሪ ተሠርቶ ይገኛል። የተለጠፈው ወረቀት ከደበዘዘ ወይም የጽሑፉ ቅርጽ ካጠራጠራችሁ ቅድሚያ ለእሱ ስጡ፤ ሴቩን አውጡት።

መግዛት አለባችሁ? አንድ ካሴት ብቻ ካላችሁ አይመስለኝም። የሚያስወጣው ገንዘብና የማስመጣቱ ጣጣ ከአንድ ካሴት ጋር አይመጣጠንም። ካለው ሰው ጋ ሄዳችሁ ሴቩን አውጥታችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ተመለሱ። ለአንድ ሰፈር አንድ ይበቃል። እኔም ጎረቤት ካሴት ይዞ ሲመጣ አልከለክልም፣ ቡና ይዞ ከመጣማ ባትሪውንም እጠቁመዋለሁ። ከሦስት አራት በላይ ካሴት ካላችሁና ሴቩ የሚያሳሳችሁ ከሆነ ግን ግዙት። ስታዝዙ ካቻቢቴዎቹንና እግር ያላቸውን ሲአር2025 እና ሲአር1616 ባትሪዎች አብራችሁ እዘዙ። ዘመድ አንድ ጊዜ ነው የሚለመነው።