ኦፕሬሽን ለፈራችሁ ሁሉ፣ እና ስሟን ለማልጠራት ሲስተር

ይሄን የምጽፈው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ በቀዶ ሕክምና ዋርድ ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። አደራዋን እጠብቃለሁ፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

የግል ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፣ ትንንሾቹን ነው የማስተምረው። እንቅርት ነበረብኝ። በእኛ አካባቢ ብርቅ አይደለም፣ አያቴም ነበረባት። አዮዲን ያለው ጨው እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ስንቷ እናት አንገቷን በነጠላ ሸፍና ኖራለች። የእኔም ለዓመታት ምንም አላለኝም። በኋላ ግን እያደገ መጣ። ስተኛ ያፍነኛል፣ ምግብ ስውጥ ይይዘኛል። መውጣት አለበት ተባልኩ።

እውነቱን ለመናገር ከሞት በላይ ያስፈራኝ ድምፄ ነው። ድምፅን የሚያዘው ነርቭ በእንቅርቱ ጀርባ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ እሱ ከተነካ ድምፅ ሊሻክር ወይም ሊጠፋ ይችላል ይላሉ። አስተማሪ ያለ ድምፅ ምን ትሠራለች? በሁለተኛ ደረጃ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሥራው ነው። መቼ እመለሳለሁ? ክፍሌን ለሌላ ሰው ይሰጡት ይሆን? ሌሊት ሌሊት የማሰላስለው ይሄንኑ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሐኪሙ ስልኩን እያየ ነው ያናገረኝ። ስለ ድምፄ ስጠይቀው «ቀላል ነገር ነው፣ ብቻ ቀን ያዢ» አለኝ። ቀላል የሆነው ለማን ነው? ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ በተቃራኒው፣ ወረቀት ገፋ አድርጎልኝ «ድምፅሽ ሊጠፋ ስለሚችል ፈርሚ» ብሎኝ ወጣ። አንድ ቃል ማብራሪያ የለም። ስንት ቀን ከሥራ እቀራለሁ ብዬ የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። በባጃጅ ወደ ቤት እየሄድኩ አለቀስኩ፣ ሾፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልረገጥኩም።

በመጨረሻ ባለቤቴ ገፋፍቶኝ ሕክምና ማዕከሉ ሄድኩ። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከጋምቤላ ሳይቀር ሰው የሚመጣበት ቦታ ነው። የደም ምርመራውን፣ አልትራሳውንዱን፣ ከአንገቴ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና፣ ያን ሁሉ ዝርዝር አልገባኝም፣ አልጽፈውም። ቀዶ ሐኪሙም ጎበዝ ነው፣ እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት። እኔ ግን ስለ ሲስተር ነው የምነግራችሁ።

በማግስቱ ኦፕሬሽን ልገባ ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ድምፄን እቀዳ ነበር። ለልጄ ነው፣ ምናልባት ከነገ ወዲያ እንዲህ መናገር ካልቻልኩ ብዬ። ሲስተር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ እንዳልቀምስ ልትነግረኝ መጣች፣ አየችኝ። አልሳቀችም። «አይዞሽ» ብላም አላለፈችኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት።

አልዋሸችኝም። «ድምፁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊጎረንን ይችላል፣ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ለዘለቄታው የሚጎዳው በጣም ጥቂት ሰው ነው፣ ግን አይደርስም ብዬ አልምልልሽም» አለችኝ። ይሄ ነው ያሳረፈኝ። እውነቱን የነገረኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ሥራም ስጠይቃት ብዙ ሰው በ1 ወይም በ2 ሳምንት ወደ ቀላል ሥራ እንደሚመለስ፣ አስተማሪ ግን ድምፅ ስለሚያወጣ ሐኪሙን ለይቼ መጠየቅ እንዳለብኝ ነገረችኝ። «ከዋርድ ሳትወጪ የሕመም ፈቃድሽን አጽፊ፣ ሥራሽ ምን እንደሆነም ይጻፍበት» አለችኝ። አጠገቤ ከሰቃ የመጡ እናት ተኝተው ነበር፣ ወደ እሳቸው ዞራ በኦሮምኛ «ጀባዱ»፣ በርቱ፣ እያለች ትራሳቸውን አስተካከለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ነቅቼ ወደ ዋርድ ስመለስ ጉሮሮዬ ይቃጠላል፣ አንገቴ ታስሯል፣ አፌን ለመክፈት ፈራሁ። ሲስተር መጣች። «ቲቸር፣ እስቲ ስም ጥሪውን ጀምሪልኝ» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ የተማሪዎቼን ስም እንደ መዝገቡ ቅደም ተከተል መጥራት ጀመርኩ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግን የእኔ ነው! እሷ በየስሙ «አቤት» ትለኛለች። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ እንባውን ያብሳል። ይሄን እንዴት አድርጌ ልርሳው?

ከዚያም አልተወችኝም። ጣቴን ወይም ከንፈሬን ከነዘረኝ ወዲያው እንድነግራት አስጠነቀቀችኝ፣ ካልሲየም ሲያንስ እንደዚያ ይሆናል አለች። እየመጣች ትጠይቀኛለች። ማንሾካሾክም ጉሮሮ ያደክማል፣ መናገር ካለብሽ ቀስ ብለሽ በመደበኛ ድምፅሽ ተናገሪ ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ ማንሾካሾክ ይሻላል ስል ነበር። ጠያቂ ሲበዛብኝማ በር ላይ ቆማ «እግዜር ይማርሽ በሏት፣ እሷ አሜን አትልም፣ በልቧ ትላለች» ብላ አስገባቻቸው። እኔ ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ትምህርት ቤቱ ግን ቆይቼ ስመለስ በደስታ አልተቀበለኝም፣ «ሌላ መምህር እንፈልጋለን» የሚል ቃል ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ነው ያ የሕመም ፈቃድ ወረቀት የጠቀመኝ። በግል ድርጅት ለምትሠሩ ንገሩልኝ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 2 ወራት ደግሞ ግማሹን ያገኛል። ከዚያ በላይ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሕጉን አሳየኋቸው፣ ዝም አሉ። አሁን ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ቀን ቀን ውኃ እጠጣለሁ፣ ልጆቹን በጭብጨባ ነው ዝም የማሰኛቸው፣ አልጮህም።

እንቅርት ይዛችሁ በፍርሃት ቤት የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ሂዱ። እናቶቻችሁንም ውሰዱ። ጥያቄያችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ የማይመልስላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ የሚመልስ ሰው ፈልጉ። አለ፣ እኔ አግኝቻለሁ። ሥራችሁ ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ድምፅ የሚጠይቅ ነው፣ ሸክም ነው፣ ሹፍርና ነው፣ ዕረፍቱ እንደዚያው ይለያያል። የፈቃዱን ወረቀት ለመሥሪያ ቤት ስትሰጡ ኮፒ አስቀሩ።

ሲስተርዬ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ደክመሽ ከምትገቢበት ቤት ጤና አይጥፋ። የሚጨነቅ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ዋርዱ የት እንደሆነ እኔ ራሴ አሳየዋለሁ።