ፍሪጃችሁን ከመጣላችሁ በፊት እኚህን ሰው ጥሩ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና በዲሲ ዙሪያ ያላችሁ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ለአንድ ሰው ትልቅ ምስጋና ስላለብኝ ነው። ሰውዬው ፍሪጅ ይጠግናሉ። እሳቸው እኛ ቤት ከመጡበት ቀን ጀምሮ እናቴ በጸሎቷ ስማቸውን ሳትጠራ አድራ አታውቅም።

ቤታችንን የገዛነው ከአንድ አረጋዊ ባልና ሚስት ላይ ነው። ኪችኑ ውስጥ ከካቢኔቱ ጋር አብሮ የተሠራ ትልቅ ፍሪጅ አለ። በሩ የካቢኔቱን እንጨት ስለለበሰ ሰው ሲያየው ቁም ሳጥን ነው የሚመስለው። እኛ ሱቅ ገብተን የምንገዛው ዓይነት ዕቃ አይደለም። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ይነዳል፣ እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ከቤቱ ጋር መጣልን፣ እኛም ተመስገን ብለን ያዝነው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ከኛ ጋር መኖር ስትጀምር ደግሞ ጓዳዋ ሆነ። ቅቤዋ፣ በርበሬዋ፣ ድልሁ፣ ከሁሉም በላይ ኢንሱሊኗ እዚያ ነው።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ፍሪጁ ማቀዝቀዝ አቆመ። ፍሪዘሩ ይሠራል፣ በዚያኛው በር ያለው ግን ወተቱም ወጡም ለብ ብሎ ጠበቀን።

ያየነው ፍዳ ከዚህ ይጀምራል። የማንንም ስም አልጠራም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው። የመጀመሪያው ሰውዬ ከመጣ በኋላ ጃኬቱን እንኳን አላወለቀም። በሩን ከፈተ፣ እጁን አስገባ፣ ዘጋው። «ጋዝ አልቋል፣ በየዓመቱ መሞላት አለበት» አለን። ሞላሁ ብሎም ተቀብሎን ሄደ። በማግስቱ ያው ነው። ስንደውል ስልክ አያነሳም። ሁለተኛው ደግሞ ሞተሩ ሞቷል አለ። የሚጠይቀውን ገንዘብ ሲነግረን ባለቤቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንዲያውም ይሄ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው፣ ጥላችሁ አዲስ ግዙ» ብሎ ለዚያች ምክር ብቻ የመምጫ አስከፈለን። አዲስ ለመጠየቅ የሄድንበት ሱቅ ያለው ሻጭማ የባሰ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ፍሪጅ አዲሱ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። የኛ ቦታ 48 ኢንች ስፋት ስላለው ደግሞ ተራ ፍሪጅ ገዝታችሁ ብታስገቡበት ዙሪያው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ካቢኔቱም ሊፈርስ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ዓይኔ እንባ ሲሞላ፣ ሻጩ ስለ ወርኃዊ ክፍያ ያወራልኛል። አንጀቴ እርር ብሎ ነው የወጣሁት።

በዚህ መሃል የእናቴን ኢንሱሊን ጎረቤት ነበር ያስቀመጥነው። ጎረቤታችን ጥሩ ሴት ናት፣ ከፍታ ነው የተቀበለችን። እናቴ ግን የሰው በር ማንኳኳት ሞቷ ነው። ጉልበቷ እያመማት በእኔ ክንድ ተደግፋ ትሄዳለች፣ በር ላይ ስትደርስ አንገቷን ትደፋለች። ልጆቿን ያለ ማንም እርዳታ ያሳደገች ሴት ናት። እሷን እንዲያ ማየት ከፍሪጁ በላይ ነው ያቃጠለኝ።

የእኚህን ሰው ቁጥር የሰጠችኝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ናት። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰሙነ ሕማማት ነበርና ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም፤ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ መጡ።

ገና ከመግባታቸው የእናቴን የስኳር መለኪያ ጠረጴዛ ላይ አዩ። ፍሪጁን አልነኩም። ወደ እናቴ ዞረው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እናቴ፣ መድኃኒትዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አሏት። ጎረቤት ነው አለቻቸው፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። ምንም ሳይናገሩ ወደ መኪናቸው ተመለሱና አንዲት ትንሽዬ ፍሪጅ ተሸክመው መጡ። ለራሳቸው ምሳ የሚይዙባት ናት። የእናቴ መኝታ ቤት አስገብተው ሰኩላት፣ ቴርሞሜትር ውስጧ አስቀመጡ። «ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ36 እስከ 46 ፋራናይት መሆን አለበት፣ በረዶ ከሆነ ግን ይበላሻል» አሉኝ። ቁጥሩ እስኪደርስ ድረስ ፍሪጁን እየፈተሹ በየመሃሉ እየተመላለሱ አዩት። ልክ ሲሆን፣ «አሁን ሂጂና አምጪላቸው፣ ትልቁ እስኪስተካከል እዚህ ይቆያል፣ የሰው ቤት መሄድ የለም» አሉ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ሌላ ምንም ባይሠሩልን እንኳን ለዚህች ብቻ ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ትልቁ ዞሩ። የፊተኞቹ ያልከፈቱትን ከላይ ያለውን ሽፋን ፈተው ባትሪ አበሩበት። ውስጡ የበግ ጠጉር የመሰለ አቧራ ተጠቅጥቋል። ከኛ በፊት ለስንት ዓመት እንዳልተነካ እግዚአብሔር ይወቅ። ጆሯቸውን አስጠግተው ዝም ብለው አዳመጡ። እኛም ዝም አልን። «አልሞተም፣ ታፍኖ ነው» አሉ።

እኔ ስለ ማሽን የማውቀው ነገር የለም፣ የገባኝን ብቻ ልንገራችሁ። የዚህ ዓይነት ፍሪጅ ብዙዎቹ ሁለት ሞተር አላቸው፣ አንዱ ለፍሪጁ፣ አንዱ ለፍሪዘሩ። ፍሪዘራችን ደህና መሥራቱን ሲሰሙ «ታዲያ ግማሹ ጤነኛ የሆነ ዕቃ እንዴት ይጣላል?» አሉን። ሞቷል የተባለው ሞተር ራሱ ደህና ነው፤ እሱን የምታስነሳ አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት የተቃጠለችው። ስሟን ነግረውኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። አሮጌዋን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ከመዳፌ ታንሳለች። ለዚህች ነበር ቤታችን ሊፈርስ የነበረው። የጋዙን ነገር ስነግራቸው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋዝ ካላፈሰሰ በራሱ አያልቅም፣ በየዓመቱ የሚሞላ ነገርም የለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ዓይነት የፍሪጅ ጋዝ የሚነካ ሰው 608 የሚባለውን የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ መያዝ በሕግ ግዴታው እንደሆነም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የሳቸውን ሳልጠይቃቸው ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። እናንተም ማንም ይምጣ ማን ጠይቁ፣ እንደኛ አትታለሉ።

ሲሠሩ እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ድሬዳዋ ትጠይቃቸዋለች፣ እሳቸውም እጃቸው ሳያርፍ ያጫውቷታል። ስለነዚህ ፍሪጆችም ነገሩን። እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ የሚሠራው ሰብ ዜሮ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1945 ዊስኮንሲን ማዲሰን ውስጥ ነው የተመሠረተው፣ ፍሪጆቹ ቢያንስ 20 ዓመት እንዲያገለግሉ አድርጎ እንደሚሠራቸውም ራሱ ይናገራል። «እንዲህ ያለ ዕቃ እንዲጠገን ተብሎ ነው የተሠራው፤ ሰው ግን ከመጠገን መሸጥ ይቀለዋል» አሉ። እናቴ «ልጄ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው» እያለች መረቀቻቸው። ቡና ላፍላ ስትል፣ ጾም ላይ ነኝ ብለው ይቅርታ ጠየቋት።

የከፈልነው ገንዘብ ለአዲስ ከተጠየቅነው አንድ ሃያኛውን አይሞላም። ለመምጫ የተነጋገርነውንም ከጥገናው ላይ ቀነሱልን፣ ደረሰኝ ጻፉልን፣ ለገጠሙት ዕቃ ዋስትና ሰጡን። እኔ ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሚያለቅስ ያውቃል።

ያ ብቻ አይደለም። ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ሳንጠራቸው፣ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ መንገዳቸውን አጥፈው መጡ። ቴርሞሜትራቸውን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አድርገው ጠበቁ፣ 37 ሲል ፈገግ አሉ። ፍሪጅ ከ40 ፋራናይት በላይ መሄድ የለበትም፣ ፍሪዘር ደግሞ ዜሮ ፋራናይት ላይ ነው መሆን ያለበት ብለው ለባለቤቴ አሳዩት፣ አቧራው እንዴት እንደሚጠረግም አስተማሩት፦ የፍሪጁን ኤሌክትሪክ አጥፍቶ፣ በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም፣ ቢያንስ በ6 ወሩ። ገንዘብ ልስጥ ብንል በጭራሽ አልተቀበሉም። እናቴ ጉልባኗን በዕቃ ሞልታ ሰጠቻቸው፣ እሷን ግን እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ከጸሎት መልስ እበላዋለሁ ብለው ይዘው ሄዱ። ትንሿ ፍሪጃቸውንም ያን ዕለት ነው የወሰዷት፣ የእናቴ መድኃኒት ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ።

ለፋሲካ ዶሮው ተሠራ፣ ዓይቡም ቀዘቀዘ፣ ጎረቤታችንንም ጠርተን አብራን ገደፈች።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ጣሉት ስትባሉ አትደንግጡ። ሰብ ዜሮም ይሁን፣ ቫይኪንግ፣ ቴርማዶር፣ ሚዬሌ፣ ሁሉንም ይሠራሉ፤ ተራውንም ፍሪጅ ይሠራሉ። የማይሠራ ከሆነም በግልጽ ይነግሯችኋል፤ ያቺ እህት የሷን ዕቃ «በዚህ ላይ ገንዘብሽን አታጥፊ» ብለው እንደመለሷት ነግራኛለች። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ከተማ አለ ብዬ አላውቅም ነበር። ቤተሰብ ላላችሁ፣ መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ለምታስቀምጡ፣ ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ ላሉ፣ ቁጥራቸውን ያዙት።

ስልካቸውን እዚህ ላይ አላወጣም፣ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛልና ወዲያው እልክላችኋለሁ። እሑድ አይሠሩም። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ መልእክት ተዉላቸው፣ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ። ከመደወላችሁ በፊት የፍሪጁን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ብዙውን ጊዜ በሩ ሲከፈት ከውስጥ በኩል የተለጠፈች ወረቀት ላይ ነው ያለው። እሱን ከላካችሁላቸው የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዘው ይመጣሉ።