«የሎክ እይታ ያለው ቤት» ከመከራየታችሁ በፊት

ወገኖች፣ በትምህርት ቤት እረፍት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ስኮትላንድ ገጠር ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። በተለይ ከለንደን ወይም ከሊድስ ተነስታችሁ፣ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ትልቅ ቤት የምትከራዩ።

እኛ የተከራየነው ቤት ማስታወቂያው ላይ «ሎክ ዳር፣ አስደናቂ እይታ» ይላል። ስኮትላንዶች ሎክ የሚሉት በአብዛኛው ሐይቅን ነው። ፎቶው ያስጎመዣል። ውሃ፣ ተራራ፣ ጭጋግ፣ ነጭ ቤት። ለአንድ ሳምንት ከሺህ ፓውንድ በላይ ተከፈለበት። ስንደርስ ቤቱ አለ፣ ሎኩም አለ። በመካከላቸው ግን የጭነት መኪና የሚመላለስበት ዋና መንገድ፣ የጎረቤት ጋራዥ እና ጥቅጥቅ ያለ የፈረንጅ ጥድ ተደርድሯል። ውሃው የሚታየው ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት መስኮት ነው፤ እሱም አንገት ከተሰገገ። ያ ሁሉ ፎቶ በድሮን ከጣሪያው በላይ የተነሳ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አከራዩ ድርጅት ጋ ስንደውል መልሳቸው ዝግጁ ነበር። «ማስታወቂያው ከሳሎን ይታያል አላለም።» እውነታቸውን ነው፣ አላለም። ብልጠቱም እዚህ ጋ ነው። አንድም ቃል ሳይዋሹ፣ የሌለውን ነገር በሐሳባችን እንድንሞላው ይተዉናል። ስለዚህ «ሎክ ዳር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው «ሳሎን ተቀምጬ ምን አያለሁ? በቤቱና በውሃው መካከል ምን አለ?» ነው። ከየክፍሉ መስኮት በስልክ የተነሳ አጭር ቪዲዮ እንዲልኩላችሁም ጠይቁ። ይህን ለመላክ የሚያንገራግር አከራይ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቀጥሎ የሎኩን ስም ሳይሆን የትኛው ዳር እንደሆነ እዩ። ሎክ ሎመንድን ውሰዱ። በስፋት የታላቋ ብሪታንያ ትልቁ ሐይቅ ነው። በምዕራብ ዳሩ ኤ82 የሚባለው አውራ ጎዳና ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል። ከግላስጎ ወደ ግሌንኮና ወደ ፎርት ዊልያም የሚሄደው መኪና ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሰሜናዊው ጫፍ አካባቢ ደግሞ የባቡር ሐዲዱ ይጨመርበታል። ሉስ የምትባለዋን መንደር መንገዱ በጎን ስለሚያልፋት ከጭነት መኪናው ድምፅ ተርፋለች፤ ከቱሪስት ግን አልተረፈችም። ምሥራቁ ዳር፣ ከባልማሃ እስከ ሮዋርዴናን ያለው፣ መንገዱ ጠባብና መጨረሻው ዝግ ስለሆነ አላፊ መኪና የለውም። ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜና እሁድ ግን ፓርኪንጉ በጠዋት ይሞላል።

ሎክ ኔስም እንደዚያው ነው። 37 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን ውሃ ነው። ኤርኸርት ቤተ መንግሥትና ድራምናድሮኪት ያሉበት ዳር ያው ኤ82 ነው፤ የቱሪስት አውቶቡስ እዚያ ነው የሚርመሰመሰው። ከማዶው፣ ከዶረስ እስከ ፎየርስ፣ ጸጥ ያለ ጠባብ መንገድ ውሃውን ታክኮ ይሄዳል። ለእኔ ቢሆን ያለማወላወል ማዶውን ነው የምመርጠው። የምግብ ሸቀጥ ግን ከኢንቨርነስ ሸምታችሁ ግቡ።

ምዕራብ ጠረፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። እነ ሎክ ሊኒ፣ ሎክ ፋይንና ሎክ ካሮን ሐይቅ አይደሉም። ወደ የብስ የገቡ የባሕር ክንዶች ናቸው። ውሃቸው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጠረፉ ገደል ከሆነ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ቤቱ ያለው የክንዱ ጫፍ ላይ፣ ምድሩ ሜዳ በሆነበት ቦታ ከሆነ ግን ከሰዓት ወጥታችሁ የምታዩት ጭቃና የባሕር አረም ይሆናል። ጭቃውን የሚወድ አለ፤ ወፍ ለማየት የሚሄድ ሰው ይደሰትበታል። ፎቶው ግን ሁሌም ውሃው ሲሞላ የተነሳ ነው።

ውስጥ አገር ያሉት አንዳንዶቹም የመብራት ኃይል ግድቦች ናቸው። ከኢንቨርነስ ወደ አላፑል ስትሄዱ ሎክ ግላስካርኖክን ታገኙታላችሁ። ዝናብ ሲያጥር ውሃው ይወርድና ዙሪያውን ድንጋይና አፈር አግጦ ይቀራል። ሎክ ኮይክም እንደዚሁ ነው።

ይህን ሁሉ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። አድራሻውን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቢያንስ የፖስታ ኮዱን። ከዚያ የጎግልን የመንገድ ምስል ክፈቱና ቤቱ ፊት ለፊት «ቁሙ»። የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ድርጅት የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታም ውለታ ይውላል። የከፍታ መስመሮቹ ከቤቱ ፊት ጉብታ መኖር አለመኖሩን ይነግሯችኋል። ጫካውን ለይቶ ያሳያል፤ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን ጭቃም እንዲሁ። በዲሴምበር ለመሄድ ካሰባችሁ ከቤቱ በስተደቡብ ተራራ እንዳለ እዩ። በዚያ ወቅት ኢንቨርነስ አካባቢ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ተራራው ከጋረደው ፀሐይ የምትባል ነገር ግቢያችሁን ላትረግጠው ትችላለች።

«ለስካይ ደሴት ቅርብ» የሚለውንም በጥርጣሬ እዩት። ከዋናው ምድር የሚያገናኛትን ድልድይ መሻገር ደሴቲቱን ማየት አይደለም። ከድልድዩ እስከ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ፖርትሪ ብቻ ከ30 ማይል በላይ ነው። ከዋናው መንገድ ስትወጡ ደግሞ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ብዙ ነው፤ ከፊት የመጣውን ለማሳለፍ በየመጠባበቂያው መቆም አለ። ከኋላ ሕፃን እያለቀሰ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኛ መጀመሪያ ላይ ያየነውና መጨረሻ ላይ የከፈልነው ዋጋ አንድ አልነበረም። የጽዳት ክፍያ መጣ፣ የአንሶላና ፎጣ መጣ፣ «የቡኪንግ አገልግሎት» የሚባልም መጣ። ብዙ ሰው ይህ የተለመደ ነው ብሎ ዝም ይላል። ዝም አትበሉ። በ2024 በወጣው የብሪታንያ የዲጂታል ገበያና የሸማቾች ሕግ መሠረት፣ ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ የማይቀር ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት። የሐሰት የደንበኛ አስተያየትም (ሪቪው) በዚሁ ሕግ ተከልክሏል።

ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት በ2022 በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ከአካባቢው አስተዳደር (ካውንስል) ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፈቃዱ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ መውጣት አለበት። ያለ ፈቃድ ማከራየት እስከ 2,500 ፓውንድ ያስቀጣል። ካውንስሎቹ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ስላላቸው ቁጥሩን እዚያ ፈልጉት። ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት፣ ምን አከራከራችሁ? ፈቃዱ ስንት ሰው ማደር እንደሚችልም ይወስናል። እኛ ሐበሾች «ልጆቹ መሬት ላይ ይተኛሉ» ማለት ይቀናናል። በር ላይ ከመጣላት አስቀድሞ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ መያዝ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ እዚያ አገር የጭስ ማንቂያዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ከጮኸ ቤቱ በሙሉ ይጮሃል። ኩሽና ውስጥ ያለው የሚነቃው በሙቀት ነው፤ የሳሎኑና የኮሪደሩ በጭስ። ቡናውን ሳሎን አትቁሉ። ዕጣኑንም ግቢ አጭሱት፤ ሽታ ቀረ ብለው ከዲፖዚት ላይ የሚቆርጡ አሉ።

አከፋፈሉ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ከሆነና ከፊሉን እንኳ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ፣ በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት የካርዱ ባንክ ከአከራዩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። አንድ ቀዳዳ አለ። የከፈላችሁት ለአከራዩ ሳይሆን በመካከል ላለ ድረ ገጽ ከሆነ ይህ መብት ሊያከራክር ይችላል። ያኔ ባንኩን ቻርጅባክ፣ ማለትም የከፈላችሁትን ከተቀባዩ ላይ መልሶ እንዲያስመጣላችሁ ጠይቁ፤ እሱ በዴቢት ካርድም ይሠራል። እኛ ከገንዘባችን የተወሰነውን ያስመለስነው በካርዱ በኩል ነው እንጂ ድርጅቱማ «እናዝናለን» ከማለት አላለፈም። «በባንክ ብትልኩ ቅናሽ አለ» የሚሏችሁን ግን ሽሹ። አንዳንዱ ቤት ጭራሽ የለም። በማጭበርበር ለተላከ ገንዘብ ባንኮች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱ የሚያስገድደው ደንብ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ቢኖርም፣ ቤቱ ካለና እይታው ብቻ ከጎደለ አይሠራላችሁም።

«በ14 ቀን ውስጥ እሰርዛለሁ» የሚል ተስፋም አትያዙ። በኦንላይን ለሚገዛ ዕቃ ያለው ያ የመሰረዝ መብት ለተወሰነ ቀን የተያዘ ማደሪያ ላይ የለም። የመሰረዣውን ውል ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

ጊዜውን ማሸጋገር ከቻላችሁ ሴፕቴምበርን እዩት፣ እንቁጣጣሽ አካባቢ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ስለሚከፈቱ ዋጋው ይወርዳል። ሚጅ የምትባለው በዓይን የማትሞላ ተናካሽም እየቀነሰች ትሄዳለች። በጁላይና በኦገስት ምሽት፣ ነፋስ በሌለበት ውሃ ዳር፣ በረንዳ ላይ አታስቀምጥም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን የእንጨት ወንበር ያየ ሰው ይህን አያውቅም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ማስታወቂያውን ከነፎቶው፣ ከነዋጋው፣ በከፈላችሁበት ቀን ስክሪንሾት አድርጉ። በኋላ ጽሑፉን ይቀይሩታል፤ በእኛም ላይ ተቀይሯል። ደርሳችሁ የማይመስል ነገር ካያችሁ ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት ከየመስኮቱ ፎቶ አንሱና በዚያው ቀን በኢሜይል ላኩ። በስልክ ብቻ አትነጋገሩ። ሳምንቱን አድራችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ብታመለክቱ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገራችሁንም?» ነው።