ድምፅ ቆጣሪ ማሽን ልትገዙ ነው? ወረቀት አንባቢው ወይስ ባለስክሪኑ

ሰሞኑን ይህን ያልጠየቀኝ ጓደኛ የለም። አንዱ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነው። አንዷ የሙያ ማኅበር ምርጫ ኮሚቴ ውስጥ ናት። ሌላው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ይዟል። ሁሉም «ለምርጫችን ድምፅ ቆጣሪ ልንገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። በየስልኩ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው።

መልሱን ላስቀድም። መራጩ በእስክሪብቶ ምልክት ያደረገበትን ወረቀት የሚያነበውን ስካነር ግዙ። ወረቀት የማያስቀረውን ባለስክሪን ማሽን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ምክንያቴ ግልጽ ነው፤ ከምርጫው በፊት ራሳችሁ በእጃችሁ ልትመረምሩት የምትችሉት ስካነሩን ነው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የምርጫ ኮሚቴ አባል የነበርኩበት አንድ ማኅበር ያገለገሉ ባለስክሪን ማሽኖች በርካሽ ገዛ። ስምንት ነበሩ። ዋዜማው ማታ አንድ በአንድ ልንሞክራቸው ተቀመጥን። የሦስተኛውን ዕጩ ስም በጣቴ ስነካ የሁለተኛው ስም በራ። እንደገና ነካሁ፤ አሁንም ሁለተኛው። ጣቴን ከስሙ ትንሽ ወደ ታች ሳወርደው ነው ሦስተኛው የበራው። ከስምንቱ ሦስቱ እንዲህ ነበሩ። የሻጩ ቴክኒሻን በስልክ «ካሊብሬት አድርጓቸው» (የስክሪኑን የንክኪ ቦታ አስተካክሉ ማለቱ ነው) አለን፤ አደረግን፣ ተስተካከሉ። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ አንዱ ተመልሶ ሳተ። እስከዚያ ስንት ሰው እንደመረጠበት መዝገቡ ያሳያል፤ ስንቱ ያልፈለገውን እንደመረጠ ግን ማንም አያውቅም።

የባሰው ማታ መጣ። የተሸናፊው ዕጩ ተወካይ «ድጋሚ ይቆጠር» አለ፤ መብቱ ነው። ቁልፉን ተጫንን፣ ማሽኑ ያንኑ ቁጥር አተመ። ሁለተኛ ጊዜም፣ ሦስተኛ ጊዜም ያው ሆነ። ሰውየው ሦስቱን ሪሲት ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ «ይህ ቆጠራ አይደለም፣ ፎቶ ኮፒ ነው» አለን። እውነቱን ነው። መልስ አልነበረንም።

አሁን ወደ ዋጋው። ሻጭ ሁልጊዜ የሚነግራችሁ የአንዱን ማሽን ዋጋ ነው። አንድ ለአንድ ሲታዩ ባለስክሪኑ ሊረክስ ይችላል፤ እኛንም የሸወደን ይኸው ነው። ግን አስሉት። አንድ መራጭ ስክሪኑ ላይ ቆሞ እስኪጨርስ ማሽኑ ተይዟል። ለሰው 3 ደቂቃ ብትሉ በሰዓት 20 ሰው፣ በ10 ሰዓት 200 ሰው ነው። 1,000 መራጭ ላለው ጣቢያ 5 ማሽን ያስፈልጋል፤ ከመጠባበቂያው ጋር 6። ስካነሩ ጋ ግን መራጩ ጊዜውን የሚያጠፋው ጠረጴዛ ላይ፣ በእስክሪብቶ ነው። ማሽኑን የሚፈልገው ወረቀቱን ለሚያስገባባት ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ለዚያው 1,000 ሰው አንድ ስካነርና አንድ መጠባበቂያ ይበቃል። ስካነሩ የባለስክሪኑን እጥፍ ቢያወጣ እንኳ ሁለቱ የ4 ባለስክሪን ዋጋ ናቸው። እናንተ ግን 6 ልትገዙ ነበር።

ፕሮፎርማው ላይ የማይጻፈውንም ጠይቁ። የሶፍትዌሩ ላይሰንስ በየዓመቱ ይታደሳል? የዕጩዎችን ስም ማስገባት የምትችሉት እናንተ ናችሁ ወይስ በየምርጫው ሻጩ እየመጣ ያስከፍላል? እኛን ያከሰረን ይህ ሁለተኛው ነው። በሁለት ምርጫ ብቻ ለስም ማስገቢያ የከፈልነው ማሽኖቹን ከገዛንበት በለጠ። ስካነሩም ወጪ የለበትም አልልም፤ ለየምርጫው ወረቀት ማሳተም አለ። ግን ያ ወጪ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የትኛውም ማተሚያ ቤት ዋጋ ይሰጣችኋል፣ ትከራከራላችሁ። ላይሰንስ ላይ ክርክር የለም።

ማስቀመጫ ቦታንም አትናቁት። አየርላንድ ወረቀት አልባ ማሽኖችን እ.ኤ.አ. በ2002 በሦስት የምርጫ ክልሎች ሞከረች፤ በጠቅላላው ወደ 7,500 የሚጠጉ ገዛች። ከዚያ በኋላ አስተማማኝነታቸው ስላልተረጋገጠ ዓመታት መጋዘን ተከራይታ አስቀመጠቻቸው። ወደ 55 ሚሊዮን ዩሮ የወጣባቸው ማሽኖች በ2012 ለሪሳይክል ድርጅት ወደ 70 ሺህ ዩሮ ተሸጡ። መንግሥት ይህን ኪሳራ ይችለዋል። የእናንተ ማኅበር አይችለውም።

አሁን ዋናው ነገር፣ የቅድመ ምርጫ ምርመራው። ስካነርን ለመመርመር ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ የመሞከሪያ ወረቀት ክምር ይበቃል። አራት ዕጩ ካለ ለመጀመሪያው 7፣ ለሁለተኛው 11፣ ለሦስተኛው 16፣ ለአራተኛው 22 ወረቀት ሙሉ። 6 ባዶ ወረቀት፣ ሁለት ዕጩ የተመረጠበት 5 ወረቀት ጨምሩ፤ 67 ሆነ። መጀመሪያ በእጅ ቁጠሩትና ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት። ከዚያ ማሽኑ ዜሮ መሆኑን የሚያሳየውን ሪሲት አሳትሙና ክምሩን አስገቡ። ግማሹ ተዘቅዝቆ፣ ግማሹ በጀርባው ይግባ።

ለምን ለእያንዳንዱ የተለያየ ቁጥር? ለሁሉም 10፣ 10 ብትሰጡ ማሽኑ የአንዱን ድምፅ ለሌላው ቢጽፍ እንኳ ውጤቱ 10፣ 10 ይሆናል፤ ስህተቱን አታዩትም። ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አንትሪም በተባለ ካውንቲ (ወረዳ እንደ ማለት ነው) የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ሲስተካከል ሁሉም ስካነር አዲሱን ቅንብር አላገኘም ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ውጤት በሺዎች ተዛባ። ስህተቱ ብዙም ሳይቆይ ታረመ፤ በኋላ ወረቀቱ በእጅ ሲቆጠር የታረመው ውጤት ልክ መሆኑ ተረጋገጠ።

ፊሊፒንስ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ያለችበት አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ስካነሮቹ በሙከራ ወረቀት ተፈተሹ። የማሽኑ ቁጥር ከእጅ ቆጠራው ጋር አልገጠመም። ሚሞሪ ካርዶቹ የአካባቢውን ዕጩዎች የመስመር ርቀት ለማንበብ አልተቀናበሩም ነበር። ወደ 76,000 ካርድ ተሰብስቦ እንዲቀየር ተደረገ፤ ምርጫውም በቀኑ ተካሄደ። ያ ሙከራ ባይኖር ኖሮ የሚሆነውን አስቡት።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልጨምር። አንድ ጊዜ ስድስቱን ባዶ ወረቀት ሳስገባ ማሽኑ ለአራተኛው ዕጩ 6 ድምፅ ጻፈለት። ወረቀቶቹን አገላብጬ አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው። ክዳኑን ከፍተን መስታወቱን በስልክ መብራት ስናየው የሩዝ ፍሬ የማታህል ነጭ ጠብታ ተጣብቃለች። አንዱ ወረቀት ላይ ከተቀባ ማጥፊያ ቀለም የመጣች ናት። ወረቀት ባለፈ ቁጥር በምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ትጥላለች፤ መስመሩ በአራተኛው ዕጩ ክብ ላይ ያልፋል። በአልኮል በነካ ጨርቅ ጠረግነው፣ በቃ። ባዶ ወረቀት ክምሩ ውስጥ ይግባ የምለው ለዚህ ነው።

ይህንኑ ባለስክሪኑ ላይ ለመድገም ሞክሩ። 67 ድምፅ በጣት፣ ለእያንዳንዱ ማሽን፣ ስድስት ጊዜ። ግማሽ ቀን ያልፋል፤ በመሐል ሰው ይደክመውና እሱ ራሱ ይሳሳታል። ስህተቱ የጣቱ ይሁን የማሽኑ በምን ትለያላችሁ? ወረቀት የለ።

ምርመራ ሁሉን ይይዛል ብዬም አላታልላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቤልጅየም ውስጥ፣ ስካርቤክ ላይ፣ አንዲት ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተመዘገበላት። ስህተቱ የታወቀው ልታገኝ ከምትችለው በላይ ስለሆነ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ የሰጡት ምክንያት በሚሞሪው ውስጥ አንዲት ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የምትይዝ የመረጃ ቅንጣት፣ ተገልብጣለች የሚል ነው። እንዲህ ያለውን የዋዜማ ሙከራ አይዘውም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ካርተሬት ካውንቲ ደግሞ በ2004 የማሽኑ ሚሞሪ ሲሞላ ማሽኑ መቀበሉን ሳያቆም 4,438 ድምፅ ጠፋ። ወረቀት ስላልነበረ ያ ድምፅ ዛሬም የለም። ሆን ተብሎ የሚደረገውም አለ። ሆላንድ ውስጥ በ2006 ጥቂት ሰዎች የድምፅ መስጫውን ማሽን ፕሮግራም ቀይረው ቼዝ እንዲጫወት አደረጉት፤ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሰች። ስለዚህ የዋዜማው ሙከራ የዝግጅት ስህተትን ያጠራል፤ ለቀረው ወረቀቱ ኮሮጆው ውስጥ መኖር አለበት። ከምርጫው በኋላ በዕጣ ጥቂት ወረቀት አውጥቶ ከማሽኑ ቁጥር ጋር ማስተያየትም የሚቻለው ያኔ ነው።

«መሐለኛው፣ ስክሪን ኖሮት ወረቀት የሚያትመውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ከወረቀት አልባው በጣም ይሻላል። ሕንድ የምትጠቀምበት ማሽን ቁልፍ ሲጫኑት ትንሽ ወረቀት አትሞ በመስታወት በኩል ለ7 ሴኮንድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ኖርዝሃምፕተን ካውንቲ ላይ ወደ 55,000 ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ ማሽኑ ለአንድ የዳኝነት ዕጩ 164 ድምፅ ብቻ ጽፎለት ነበር። የታተመው ወረቀት ሲቆጠር ሰውየው አሸናፊ ሆነ። ወረቀቱ አዳነው። ችግሩ ብዙ መራጭ የታተመውን ሳያይ ማለፉ ነው፤ ፕሪንተሩም አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ዕቃ ነው። ማየት ለተሳናቸው መራጮች በድምፅ የሚያነብ አንድ እንዲህ ያለ ማሽን በየጣቢያው ይኑር። ለሌላው ስካነሩ ይበቃል።

ስለ ኮፒ ዕቃ ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ሚሞሪ ካርድ ላይ የተጻፈውን መጠን አትመኑ፤ ፎርጅዱ 32 ጊጋ እያለ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚይዘው፤ ሲሞላ ዝም ብሎ በላዩ ላይ ይጽፋል። ከመጠቀማችሁ በፊት እስኪሞላ ጻፉበትና መልሳችሁ አንብቡት። ወረቀት የሚስበው የጎማ ሮለር ኦሪጅናል ይሁን። ኮፒው ሊንሸራተት ወይም ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ሊስብ ይችላል፤ ያ ማለት አንድ ድምፅ ጠፋ ማለት ነው። ባትሪውን ከግድግዳ ነቅላችሁ ሙሉ ቀን አሠሩት። ሪሲቱ በሙቀት የሚታተም ከሆነ ወዲያው ፎቶ አንሱት፤ ሙቅ ቦታ ከከረመ ይነጣል።

ወረቀቱ ራሱም አለ። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ጥቁር ምልክቶች ለጌጥ አይደሉም፤ ስካነሩ የክቦቹን ቦታ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲቆርጥ ትንሽ ከሳተ ማሽኑ ወረቀቱን ይመልሰዋል ወይም ሌላ ክብ ያነባል። እኛ አንዴ በቢሮ ፕሪንተር ባወጣነው ወረቀት ሞክረን «አለፈ» ብለን ፈረምን። የምርጫው ቀን የመጣው ወረቀት ወፈር ያለ ነበር፤ ከየአሥሩ አንዱ ተመለሰ። ሙከራው ምርጫው በሚካሄድበት ወረቀት፣ ምርጫው በሚካሄድበት እስክሪብቶ ይሁን።

ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ 67ቱን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። እሱ ያዘጋጀውን ክምር አትቀበሉ። ማሽኑን በ«ሙከራ» ሳይሆን በምርጫ ሁኔታ ላይ እንዲያደርገው ጠይቁ፣ ሰዓትና ቀኑንም ወደ ምርጫው ቀን ይቀይረው። ከዚያ ወረቀቱን የምታስገቡት እናንተ ሁኑ፣ እሱ ቁጭ ይበል። ቁጥሩ ከቃለ ጉባኤያችሁ ጋር ከገጠመ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ። ሻጩ «ይህን አንፈቅድም» ካላችሁ ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።