ደብዳቤ ወይስ «ፍረዱኝ»?

የሰፈራችሁ ቧንቧ ወር ሙሉ ደርቋል፤ አቤቱታችሁን ለጋዜጣ ልታሰሙ ነው እንበል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ሁለቱንም መንገድ ያውቃል፤ የአንባቢ ደብዳቤንም፣ አቤቱታ የሚመረመርበትን «ፍረዱኝ» ዓምድንም።

ወጪ፦ ለደብዳቤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ለምርመራ ፎቶ ኮፒ፣ ታክሲ፣ ምልልስ አለ።

ልፋት፦ ደብዳቤው አንድ ማኪያቶ ሳይጠጣ ያልቃል። ለምርመራው ግን የይዞታ ካርታና የውሳኔ ቅጂ ያስፈልጋል። ጋዜጠኛውም የተከሰሰውን መሥሪያ ቤት ማነጋገር አለበት። ይሄ ያዘገያል፤ ጉልበቱም እዚሁ ላይ ነው። ኃላፊው በአደባባይ መልስ ይጠየቃላ!

ስጋት፦ ደብዳቤ ሊቆራረጥ ይችላል። በምርመራ ደግሞ የእናንተም ጉድ ይወጣል።

ለመንገድና ለውኃ ብዙ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይሻላል። የይዞታ ወይም የካሳ ክርክር ከሆነ ዶሴውን ይዛችሁ ሂዱ።