ቀዩ ባለ 5 እግር የፋብሪካ ሶኬት፦ ለኮምቦልቻ ወርክሾፕ የሚሆነው የቱ ነው?

ኮምቦልቻና ደሴ ባሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ከሚሸጡት የስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት ኮረንቲ መስመር) ሶኬቶች ውስጥ ቀዩ ባለ 32 አምፔር ለወፍጮ፣ ለብየዳና ለእንጨት ሥራ ማሽን ገንዘቡን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ባለ 16 አምፔሩ ረከስ ይላል፤ ግን 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር በ380 ቮልት ብቻውን ወደ 15 አምፔር ስለሚወስድ ሶኬቱ ቀኑን ሙሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ይሠራል። ልዩነቱን ከፍሎ 32ቱን መውሰድ ይሻላል።

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢልም ገላው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ዓለም አቀፉ የአይኢሲ 60309 መስፈርት፣ አምፔሩ፣ ቮልቴጁና የ6 ሰዓት ምልክት መኖር አለባቸው። ቀለሙ ቮልቴጁን ይናገራል፦ ቢጫ 110 አካባቢ፣ ሰማያዊ 220–240፣ ቀይ 380–415። ሰዓቱ ደግሞ የኧርዙ (የመሬት መስመሩ) ቦታ ነው። ሴቴውን ፊት ለፊት ይዘው ጎድጎዱን ወደ ታች ሲያደርጉ፣ ከሌሎቹ ወፈር ያለው የኧርዝ ቀዳዳ በሰዓት ገጽ 6 ላይ ይውላል። ቀይ ሆኖ 3 ላይ ከሆነ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ሶኬት ነው፤ አይገባም። ሞርዶ ማስገባት የሚቃጣው ባለሙያ ካለ ሌላ ባለሙያ ይፈለግ።

ከዚያ ማግኔት ማስጠጋት። እግሮቹን አጥብቆ ከሳበ ነሐስ ሳይሆን የተለበጠ ብረት ናቸውና ይመለስ።

የቻይናና የአውሮፓ ቀይ ሶኬቶች መስፈርታቸው አንድ ስለሆነ አምፔራቸውና የእግራቸው ቁጥር እኩል ከሆነ ይገጣጠማሉ። ችግሩ ከአንዳንድ የቻይና ማሽኖች ጋር የሚመጣው ባለ 4 ጠፍጣፋ እግር ሶኬት ነው፤ ኒውትራል (የመመለሻ መስመር) የለውም። ማሽኑ ውስጥ 220 የሚፈልግ መቆጣጠሪያ ካለ አንዳንዱ ከፌዝና ከኧርዝ ይስብለታል፤ ይህ የማሽኑን ገላ ኮረንቲ የሚያስይዝ ሥራ ነው። ቆርጦ ባለ 5 እግሩን ማሰርና ኒውትራሉን ከቦርዱ ማምጣት ግድ ነው።

የአሜሪካው ጠምዞ የሚቆለፍ ባለ 30 አምፔር ሶኬት ግን ሶኬት በመቀየር ብቻ አይፈታም። ማሽኑ ለ208 ወይም ለ480 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። የ208ቱ ያለ ትራንስፎርመር 380 ላይ ይቃጠላል፤ ቮልቴጁ ቢስተካከል እንኳ በእኛ 50 ኸርዝ ሞተሩ ፍጥነቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። የሽቦው ቀለምም ያሳስታል፦ በ208ቱ ሰማያዊ ፌዝ ነው፣ ኒውትራሉ ነጭ። በአውሮፓ ሰማያዊ ኒውትራል ነው። በቻይና ፌዞቹ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ናቸው። በቀለም አምኖ ከማሰር በቴስተር ማረጋገጥ።

አሠራሩ ላይ፦ ለ32 አምፔር 6 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ተጣጣፊ ገመድ፣ ለ16 ደግሞ 2.5 ካሬ። የገመዱ የውጭ ጎማ በማሰሪያው ሥር መግባት አለበት፤ የተላጠው ሽቦ ብቻ ከተያዘ ገመዱ ሲጎተት ከብሎኑ ይወጣል። የኧርዙን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ ማስረዘም፣ ቢጎተት መጨረሻ የሚለቀው እሱ እንዲሆን። ጫፉን በቆርቆሮ ሊድ አለመበየድ፤ ሊድ በብሎን ሲጨመቅ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ይግላል። ፌሩል የሚባለው የጫፍ ቱቦ ይሻላል። ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ብሬከሩን አጥፍቶ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ደግሞ ማጥበቅ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ ሁለት ፌዝ መለዋወጥ ይበቃል፤ ኧርዙና ኒውትራሉ አይነኩም።

አይፒ የሚባለው ቁጥር ሶኬቱ ብናኝና ውሃ የመከላከል አቅሙን ይናገራል። ክዳኑ በስፕሪንግ የሚዘጋው አይፒ 44 የውሃ ፍንጣቂ ይከላከላል። ለወፍጮና ለእንጨት ቤት ግን አይበቃም፤ የዱቄትና የእንጨት ብናኝ ይገባበታል። ባለ ቀለበቱ አይፒ 67 ይገዛ፣ ቀለበቱም እስከ መጨረሻ ይጠምዘዝ፤ ካልተጠመዘዘ ከ44ቱ አይለይም።

ትልቁ ብልሽት ከአንድ ቀዳዳ ዙሪያ ይጀምራል፦ ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል። ያ ፌዝ ላልቷል ማለት ነው፤ ሲቋረጥ ሞተሩ በሁለት ፌዝ እየጮኸ ይቃጠላል። ያኔ ወንዴውንም ሴቴውንም አብሮ መቀየር ነው፤ የተቃጠለ እግር አዲሱን ቀዳዳ ያበላሻል።